ጣርማ በር በቲቤትኛ ቢሆን ኖሮ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ ነው የምኖረው። ጓሳን ለማየት ለሚመጡ እንግዶች ዕቃ በበቅሎ እጭናለሁ። ባለፈው ኅዳር አንድ ቲቤታዊ ይዤ ወጣሁ። ሜዳውን አይቶ «ታንግ» አለ። አፋፉ ላይ ስንደርስ «ላ ግያሎ!» ብሎ ሲጮኽ እኔም በቅሎዋም ደነገጥን። በሶ ሳቀርብለት ሳቅ ብሎ «ፓክ» አለኝ። «የያክ ወተት ትጠጣላችሁ?» ብለው ግን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ምን አጠፋሁ?
በቅሎ ጫኙ፣ ከመንዝ

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም ወንድሜ። የጠየቅከው የበሬ ወተት ስለሆነ ነው። ያክ ጠጉራሙ የቲቤት ከብት ነው፤ በቲቤትኛ ግን ያክ የሚባለው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ድሪ ትባላለች፤ ወተቱም ቅቤውም የእሷ ነው። ሌላው ዓለም ሁለቱንም ያክ ብሎ ስለጨፈለቃቸው ስህተቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ያክና ላም ሲዳቀሉ ደግሞ ዞ ይወለዳል። ወንዱ ዞ እንደ በቅሎህ መካን ነው። ሴቷ ዞሞ ግን ትወልዳለች፣ ትታለባለች። እዚህ ላይ በቅሎህ ተበለጠች።

«ታንግ» ሜዳ ነው። ቻንግታንግ የሚባለው የሰሜን ቲቤት ገላጣ ምድር ስሙ «ሰሜን ሜዳ» ማለት ነው። ሜዳ ሲሉህ ግን እንደ ደብረ ብርሃን ሜዳ እንዳይመስልህ። የቲቤት አምባ አማካይ ከፍታ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እኛ ራስ ዳሸን ጫፍ ወጥተን የምንደርስበት ከፍታ ላይ እነሱ ከብት ያሰማራሉ። እዚያ ዛፍ ስለማይበቅል የሚነደው የያክ ኩበት ነው። ይኼን ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያሻኝም።

«ላ» እኛ በር የምንለው ነው። የቤቱን ሳይሆን እንደ ጣርማ በር ያለውን፣ ተራራው ዝቅ ብሎ የሚያሳልፍበትን። በሕንድና በቲቤት ድንበር ያለው በር ናቱ ላ ሲባል ሰምተህ ከሆነ የስሙ መጨረሻ ይኸው ነው። «ላ ግያሎ» ላይ ያለው «ላ» ግን ሌላ ቃል ነው፤ በትንፋሽ ይወጣል፣ ትርጉሙም አምላክ ነው። «አማልክት ድል አደረጉ» ማለቱ ነበር። በር ላይ የደረሰ መንገደኛ እንዲያ ብሎ ይጮኻል፣ ከድንጋዩ ክምር ላይም አንድ ይጨምራል። ክምር ባያገኝ ነው እንጂ ጣርማ በር ላይም ይጥል ነበር።

ወደ በሶው እንምጣ፤ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ጻምፓ የሚሉት ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ነው፤ በቃ፣ በሶ ነው። በቅቤና በጨው በተናጠ ሻይ፣ እዚያው ሳህኑ ውስጥ በጣት ያሹታል። ከዚያ በመዳፍ ጨብጠው ይበሉታል። ያ የተጨበጠው ነው «ፓክ»። እኛስ ጭብጦ እንል የለ? እናቴ በውርጭ ጠዋት ለትምህርት ቤት የምታስይዘኝ ጭብጦ የአምስት ጣቶቿ ምልክት ነበረበት። የቀለበቷ ቦታ ሰርጎድ ያለ ነው። እኔ ከዚያ በኩል ነበር መግመጥ የምጀምረው። እንግዳህ የሳቀው የእናቱን እጅ አስታውሶ ይሆናል።

ተመልሶ ከመጣ «ታሺ ዴሌክ» በለው፤ የመልካም ምኞት ሰላምታ ነው። ሻዩንም ጨውና ቅቤ ጨምረህ በደንብ ናጥለት። ቅቤው የድሪ አይደለም ብሎ ካኮረፈ እንግዲህ መንዝ ድሪ ከየት ታምጣ?