ጊታር ወደ ሲ ሲወርድ ምን ምን ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ ተራ ባለ ስድስት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ፤ የክሮቹ ውፍረት ከ10 እስከ 46 ሺሕኛ ኢንች ነው። ሁሉንም በአራት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ወደ ሲ (C) ሳወርዳቸው ወፍራሞቹ ክሮች ይላላሉ፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከሉትን አግድም ብረቶች) እየነኩ «ዝዝ» ይላሉ፣ ኮርድ ስይዝም ቅኝቱ ይበላሻል። ለእንዲህ ያለ ቅኝት የተሠራ ሌላ ጊታር ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሮቹ እስከሚያርፉበት ድልድይ) 648 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የተለመደ ጊታር ሲ ቅኝትን በሚገባ ይሸከማል። ችግሩ የክሮቹ ውጥረት ነው። ስድስተኛው ክር ከ82.4 ኸርዝ ወደ 65.4 ሲወርድ ድምፁ የቀነሰው አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ውጥረቱ ግን ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ክሩ ሲላላ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፣ ፍሬቱንም ይነካል። በዚያ ላይ አንገቱ ውስጥ ያለው ትረስ ሮድ የተባለ የብረት ዘንግ የሚቋቋመው ጉልበት ስለቀነሰ አንገቱን ወደ ኋላ ይለጥጠዋል፤ ፍሬቶቹም ወደ ክሮቹ ይጠጋሉ። ስለዚህ ወፍራም ክር ሳይገጥሙ ትረስ ሮዱን አይንኩ።

የጠፋውን ውጥረት ለመመለስ ክሩ በሩብ ያህል መወፈር አለበት። የእርስዎ 10 ወደ 12 ወይም 13፣ የእርስዎ 46 ደግሞ ወደ 58 ገደማ ይሄዳል። ከ12 እስከ 56 ወይም ከ12 እስከ 60 የሚባለው ጥቅል ይስማማዎታል። ሦስተኛው ክር የተጠቀለለ (ላዩ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ) ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያልተጠቀለለ ወፍራም ክር ግትር ስለሆነ ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ይላል፣ ኮርዱንም ያበላሻል። ሶሎ ላይ ሦስተኛውን ክር አብዝተው የሚያጎብጡ ከሆነ ግን የተጠቀለለው ጣትዎን ያደክማል፤ ያልተጠቀለለውን ይያዙ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነቱን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው። ነቱ ላይ ለ46 ክር የተቆረጠ ጎድጓዳ 56ን አጥብቆ ይይዛል። መቃኛውን ሲያዞሩ ቲዩነሩ (የቅኝት መለኪያው) ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ከዘለለ ወይም ነቱ «ጥር» ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጎድጓዳው ክሩ እንደ ልብ እንዲንሸራተት ከክሩ በጥቂቱ ሊሰፋ ይገባል። ለነት የተሠራ ሞረድ ከሌለዎት የተጠቀለለ አሮጌ ክር ቆርጠው በጎድጓዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት፤ ቀስ እያለ ያሰፋዋል። ጎኖቹን ብቻ ያስፉ፣ ወደ ታች አይቆፍሩ፤ ጥልቀቱ ካለፈ ባዶው ክር አንደኛውን ፍሬት ይነካል፣ ያኔ ጎድጓዳውን መሙላት ወይም ነቱን መቀየር ግድ ይሆናል። ወለሉ ወደ መቃኛዎቹ ያዘቅዝቅ፤ ክሩ የሚያርፍበት ከፍተኛ ቦታ በፍሬቶቹ በኩል ያለው ጠርዝ ነው። ሲጨርሱ ጎድጓዳውን በመጻፊያ እርሳስ ይቀቡት።

አሁን ሁሉንም ክሮች ወደ ሲ፣ ኤፍ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ጂ እና ሲ ይቃኙ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ በዚህ ቅኝት ላይ ነው። ስድስተኛውን ክር አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ይጫኑ። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተት ከሌለ ትረስ ሮዱን ያላሉ፣ ከበዛ ያጥብቁ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩ፤ እንደገና ቃኝተው ይለኩ። አልዞርም ካለ አያስገድዱት፣ የተሰበረ ሮድ ጥገናው ከባድ ነው።

የክሮቹን ከፍታ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይለኩ፦ ለወፍራሙ ክር 2 ሚሊ ሜትር፣ ለቀጭኑ 1.6 ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። በኃይል የሚመቱ ከሆነ ወፍራሙን በጥቂቱ ከፍ ያድርጉት።

ቀጥሎ ሳድሎቹ፣ ማለትም ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸው ትንንሽ ቁራጮች። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነክተው የሚሰሙትን ሃርሞኒክ፣ እዚያው ሲጫኑት ከሚሰጠው ድምፅ ጋር በቲዩነር ያነጻጽሩ። የተጫነው ከፍ ካለ ሳድሉን ከነቱ ያርቁት፣ ዝቅ ካለ ያቅርቡት። ወፍራም ክር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ መሄድ ይፈልጋል። ብሎኑ መሄጃ ካጣ ሳድሉን የሚገፋውን ትንሽ ሞላ ማውጣት ይቻላል።

ብሪጅዎ ተንሳፋፊ (በሞላ ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ) ከሆነ ግን ከሳድሎቹ በፊት ሞላዎቹን ያመዛዝኑ። ክሩ አሸንፎ ብሪጁ ወደ ፊት ካዘመመ ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ያጥብቁ፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ያላሉ። አንዱን ክር ሲቃኙ የቀሩት ስለሚዛቡ ዙሩ ይደጋገማል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚቀበለው ባለ ማግኔት ክፍል) ለወፍራሞቹ ክሮች ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ድምፁን ያዛባዋል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነው ፒክአፑን ከክሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያርቁት። ሲቃኙም በሚጫወቱበት ኃይል ይምቱ፤ ወፍራም ክር በኃይል ሲመታ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከፍ ስለሚል፣ በስሱ ነክተው የቃኙት እጅዎ ሲጠነክር አይስማማም። አንገቱ አዲሱን ውጥረት እስኪለምድ ጥቂት ቀናት ይወስዳል፤ ያኔ የሰባተኛውን ፍሬት ክፍተት ደግመው ይለኩ።