ስለ ምስጢራዊ የኢንተርኔት ጥሪ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲግናልና ዋትስአፕ የተባሉት የመልእክትና የጥሪ መተግበሪያዎች ሁለቱም ጥሪን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራሉ (ደዋዩና ተቀባዩ ብቻ እንዲሰሙት ይቆልፉታል)። ታዲያ ምን ያለያያቸዋል?

መልስ፦ በሁለቱም መተግበሪያዎች፣ በተነጋጋሪዎቹ መካከል ያለው ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒውተር) ንግግርዎን አይሰማም። ልዩነቱ ስለ እርስዎ ምን ያህል መረጃ ያስቀምጣሉ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሲግናል በሕግ ተገድዶ መረጃ ሲጠየቅ፣ ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። ለእኔ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ በሲግናል ስደውል ማንነቴ አይታወቅም?

መልስ፦ ይህን አያምታቱ! ምስጠራ የሚሸፍነው የተባለውን እንጂ ተናጋሪውን አይደለም። ለመመዝገብ አሁንም ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከ2024 ወዲህ ግን በተጠቃሚ ስም ቁጥሩን ከሌሎች መደበቅ ይቻላል። ጥሪው በሰርቨር ሳያልፍ በቀጥታ ከተገናኘ ደግሞ የአይፒ አድራሻዎን (በኢንተርኔት ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር) ያነጋገሩት ሰው ሊያየው ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ ጥሪው ሁልጊዜ በሰርቨር በኩል እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ድምፁ ጥቂት ቢዘገይም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ጥሪውን በቶር (የተጠቃሚውን አድራሻ በሚሰውር መረብ) በኩል ባሳልፈውስ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። የድምፅ ጥሪ በአብዛኛው የሚጓዘው ዩዲፒ በተባለ፣ የጠፋውን መልሶ በማይልክ የመረጃ መላኪያ ዘዴ ነው፤ የጠፋች ቁራጭ ድምፅ እስክትመጣ ከመጠበቅ ትቶ ማለፍ ይሻላልና። ቶር ግን የሚያስተላልፈው ቲሲፒን፣ ማለትም የጠፋውን ዳግም የሚልከውን ዘዴ፣ ብቻ ነው፤ ያውም በሦስት ጣቢያዎች እያዞረ። ማምብል የተባለውን የድምፅ መነጋገሪያ ፕሮግራም በቲሲፒ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ በቶር ማሳለፍ ይቻላል። ድምፁ ስለሚዘገይ፣ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው የመናገሪያ ቁልፉን ተጭኖ ይቀጥላል፤ ተቋርጦ የመጣ ቃልም ይደገማል። ነገር ግን ማምብል የድምፁን ምስጠራ ሰርቨሩ ላይ ይፈታዋል፤ ስለዚህ የሰርቨሩ ባለቤት ከፈለገ ይሰማዎታል። ማንነትዎን ሲሰውሩ ምስጢሩን ለሌላ ሰው አሳልፈው እንዳይሰጡ፣ ሰርቨሩ የራስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ይሁን። ጉዳዩ የማያስቸኩል ከሆነ፣ የድምፅ መልእክት ቀድቶ መላክ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ጥሪ ላይ የሚታዩት አራት ትንንሽ ምስሎች ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ሁለቱ ስልኮች ከተስማሙበት የምስጠራ ቁልፍ የሚወጡ ናቸው። ሰላምታ እንደተለዋወጡ «ያንተ የትኞቹ ናቸው?» ብለው ይጠይቁና አራቱንም በየተራ ያስተያዩ። ከተለያዩ መካከላችሁ የገባ አለ ማለት ነውና ወዲያው ይዝጉ። የምስጠራ ባለሙያው ፊል ዚመርማን በሠራው ዜድአርቲፒ በተባለው የጥሪ ምስጠራ ሥርዓትም ተመሳሳይ ዘዴ አለ፤ እዚያ የሚነበበው አጭር ኮድ ወይም ሁለት ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ድምፄ ራሱ አያጋልጠኝም?

መልስ፦ የሚያውቅዎት ሰው ከሰማው ያጋልጥዎታል። ያነጋገሩት ሰው ጥሪውን ቢቀዳም ምስጠራ ሊያግደው አይችልም።