«እማማ ከጠበል መቼ ነው የምትመጣው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። እናቴ አብራን ትኖር ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት ዐረፈች። ልጁ በጣም ስለሚወዳት «ጠበል ሄዳለች» አልነው። አሁን በየቀኑ «እማማ መቼ ነው የምትመጣው?» ይለኛል። ባለፈው ላስጠምቀው ጠበል ስወስደው አልገባም ብሎ አለቀሰ። ደነገጥኩ። ሌላም ብዙ እንዋሸዋለን፤ «ጅብ መጣ»፣ «መርፌው አያምም»፣ «ሱቅ ደርሼ መጣሁ»። ለልጅ ተብሎ የሚዋሽ ትንሽ ውሸት ኃጢአት ነው? ንስሐስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ እኅታችን፣ የእናትሽን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። በሐዘን ላይ ሆነሽ ያልሽው ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል። ግን ስለጠየቅሽኝ አልሸፍንልሽም። አዎ፣ ውሸት ነው።

እስቲ ልጁ ያሰበውን አስቢው። እማማ ጠበል ሄደች፤ አልተመለሰችም። ስለዚህ ጠበል የሄደ አይመለስም። ልጅሽ በትክክል ነው ያሰበው። የተሳሳተው እኛ የነገርነው ነገር ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ «ውሸትን አስወግዳችሁ፥ እርስ በርሳችን ብልቶች ሆነናልና፥ እያንዳንዳችሁ ከባልንጀሮቻችሁ ጋር እውነትን ተነጋገሩ» ይላል (ኤፌ. 4፥25)። ምክንያቱን ልብ በይ። ብልቶች፣ ማለትም የአንድ አካል ክፍሎች ነን ነው የሚለው። ልጅሽ በ40 ቀኑ ተጠምቋል፣ ሜሮን ተቀብቷል፣ ሥጋውንና ደሙን ተቀብሏል። እንግዲህ እሱም ብልት ነው። ሲያድግ የሚጀምር ክርስትና የለንም፤ እውነት የሚገባውም ሲያድግ ብቻ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ሁሉን ነገር ለሕፃን ዘርግፊለት ማለት አይደለም። አብርሃምን ተመልከች። ይስሐቅ ተራራውን እየወጣ «የመሥዋዕቱ በግ ግን ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው። አንድ አባት ከዚህ የከበደ ጥያቄ ከልጁ አፍ ሰምቶ ያውቃል? «ከኋላ ይመጣል» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። አብርሃም ግን «ልጄ ሆይ፥ የመሥዋዕቱን በግ እግዚአብሔር ያዘጋጃል» አለው (ዘፍ. 22፥8)። ሁሉን አልነገረውም። አልዋሸውምም። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን «የምነግራችሁ ገና ብዙ አለኝ፥ ነገር ግን አሁን ልትሸከሙት አትችሉም» ብሏቸዋል። እውነትን በልጁ አቅም ቆርሶ መስጠት ይቻላል።

ስለዚህ መርፌውን «ቆንጠጥ ያደርግሃል፤ እኔ እጅህን እይዝሃለሁ» በዪው። ስትወጪም «ሥራ እየሄድኩ ነው፤ ማታ እመጣለሁ» በዪውና ሂጂ። ያለቅሳል። ያልቅስ፤ ማታ ስትመጪ ቃልሽን ያምናል።

አያ ጅቦና ጦጢት ግን ይቅሩ አላልኩም! ተረት ውሸት አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚቀበል ልጅ ምን እየሰማ እንደሆነ ያውቃል። በመጽሐፍ ቅዱስም የጌዴዎን ልጅ ኢዮአታም ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ ብሎ በምሳሌ ተናግሯል (መሳ. 9)። እንዲተኛ ብለሽ «ጅቡ በር ላይ ነው» ስትዪው ግን ሌላ ነው። ልጁ እውነት መስሎት ነው የሚንቀጠቀጠው።

ከሁሉ የሚያመኝን ልንገርሽ፤ አንቺ ባትጠቅሺውም። «ቄሱ ጆሮህን ይቆርጡሃል»፣ «ካልበላህ እግዚአብሔር ድንጋይ ያደርግሃል» የሚሉ ወላጆች አሉ። መስቀል ላሳልም ስጠጋ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የሚደበቅ ሕፃን ብዙ አይቻለሁ። በአንድ ጉርሻ ምክንያት ልጁን ከመስቀሉ አራቅነው። «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የተባለው እዚህም ይሠራል። ስልክ ሲደወል «የለችም በላት» ማለትም እንዲሁ ከባድ ነው፤ እዚያ ላይ ልጁን ራሱን እያዋሸነው ነው።

ንስሐውን በተመለከተ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው፤ ትልቅ ነው ብለሽም አትጨነቂ። እሳቸው እንደ አቅምሽ ያዩልሻል። ከልጁ ጋር ያለውን ግን አንቺው ነሽ የምታስተካክዪው።

ለልጁ «ተኝታለች» አትበዪው፤ ደግሞ መተኛት ይፈራል። ጌታችን ራሱ «አልዓዛር ተኝቶአል» ሲል ደቀ መዛሙርቱ እንቅልፍ መሰላቸው። ያን ጊዜ በግልጥ «አልዓዛር ሞተ» አላቸው (ዮሐ. 11፥14)። አዋቂዎች ያልገባቸው ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት ይገባዋል? አቅፈሽው እንዲህ በዪው፦ «እማማ ሞታለች። አትመጣም። ነፍሷ እግዚአብሔር ጋ ናት፤ እኛም አንድ ቀን እናገኛታለን። ጠበል ሄደች ያልኩህ እንዳታለቅስ ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።» አብራችሁ ብታለቅሱ ነውር የለውም። ጌታም ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ አልቅሷል።

ከዚያ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሯ ጋ ውሰጂው፤ ጧፍ ያብራላት። ጠበሉን ለጊዜው አታስገድጂው። መጀመሪያ አንቺ ግቢ፤ እሱ ከአባቱ ጋር ውጪ ይጠብቅሽ። ተጠምቀሽ፣ ፀጉርሽ እንደራሰ፣ ስትመለሺ ይይሽ።