ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ተጫዋቹ ለምን ይናደዳል?

በዚህ ወር የመረጥናቸው ጥያቄዎች በግላቸው ትናንሽ ጌም ከሚሠሩ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት መንገዱ በየጊዜው በሚቀያየር ሜዝ፣ ማለትም መውጫው በሚፈለግበት የተወሳሰበ መተላለፊያ፣ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለስልክ የሚሆን ትንሽ ጌም ሠርቻለሁ። ተጫዋቹ የሜዙን መውጫ መፈለግ አለበት፤ ግድግዳዎቹ ግን በየ2 ሴኮንዱ ቦታ ይቀያይራሉ። አስተያየት ስጠይቅ ግማሾቹ «ከባድ ነው»፣ ግማሾቹ «ያጭበረብራል» አሉኝ። ወደ 4 ሴኮንድ ሳራዝመው ደግሞ «ይደብራል» ተባልኩ። የማንን ልስማ? (ከአዳማ)

መልስ፦ «ያጭበረብራል» ያሉዎትን ያስቀድሙ። እንዲህ የሚል ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚናደደው መንገዱ በመዘጋቱ ሳይሆን ሊዘጋ መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት በማጣቱ ነው። ስለዚህ 2 ሴኮንዱን አይንኩት። በምትኩ ግድግዳው ከመንቀሳቀሱ 0.8 ሴኮንድ ያህል አስቀድሞ ምልክት ይስጥ። ሰው ላየው ነገር በጣቱ ምላሽ ለመስጠት ብቻ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የቀረው ጊዜ በየት በኩል ልዙር ብሎ ለማሰብ ነው። ከ0.4 በታች ከወረደ ምልክቱ ቢኖርም የሌለ ያህል ነው።

ምልክቱ ምን ይሁን? የሚዘጋው በር ላይ አቧራ ይርገፍ፤ የሚከፈተው ግድግዳ ደግሞ ይሰንጠቅ። ቀይና አረንጓዴ ቀለም ብቻ አይጠቀሙ፤ ሁለቱን የማይለዩ ተጫዋቾች አሉ፣ በተለይ ወንዶች። በድምፅ ብቻም አይተማመኑ፤ ታክሲ ውስጥ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ የሚጫወተው ብዙ ነው።

ቀጥሎ የማይንቀሳቀስ ነገር ይስጧቸው። ራቨንስበርገር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ላቢሪንት» የተሰኘ የገበታ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ገበታው 7 በ7 ነው፤ ከ49ኙ ካሬዎች 16ቱ ተለጥፈው የቀሩ ናቸው። ተንቀሳቃሾቹ 34 ሲሆኑ 33ቱ ገበታው ላይ፣ አንዱ በእጅ ነው። ተጫዋቹ በተራው መጀመሪያ በእጅ ያለውን ካሬ ከዳር ገፍቶ ያስገባል፣ ከዚያ ይራመዳል። የገባውንም ወዲያው በመጣበት መልሶ መግፋት ክልክል ነው። ዓይን የሚያርፍባቸው ቋሚ ካሬዎች ባይኖሩ ኖሮ ማንም በአእምሮው ካርታ መያዝ ባልቻለ ነበር። በእርስዎም ጌም ከአራትና አምስት ክፍሎች አንዱ የራሱ መልክ ይኑረው፦ ምንጭ ያለበት፣ ዛፍ የበቀለበት፣ ወለሉ የተለየ። ግድግዳው ቢቀየርም ቦታው አይቀየርም።

ጥያቄ፦ ግድግዳዎቹን በዘፈቀደ ነው የማስከፍተውና የማስዘጋው። አንዳንዴ ተጫዋቹ አራቱም አቅጣጫ ተዘግቶበት ይቀራል። በተቀያየረ ቁጥር መውጫ መኖሩን እየፈተሽኩ፣ ከሌለ እንደገና እሞክራለሁ፤ ያም ጌሙን ያንቀረፍፈዋል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መፈተሹን ይተዉትና ጭራሽ ሊዘጋ የማይችል ሜዝ ይሥሩ። እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቶቹ ወደ አንዱ የሚጠቁም ቀስት ይኑረው፤ አንድ ክፍል ብቻ ቀስት አይኑረው። እሱን «ሥር» እንበለው፤ ሲጀምር ቀስቶቹ ሁሉ በስተመጨረሻ ወደ እሱ የሚያደርሱ ይሁኑ። ቀስት ባለበት በኩል መንገድ አለ፣ በሌለበት ግድግዳ ነው። 10 በ10 ከሆነ 100 ክፍልና 99 ክፍት መንገድ ይኖራል ማለት ነው። ሜዙን ለመቀየር ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሥሩ በዘፈቀደ ወደ አንዱ ጎረቤቱ እንዲጠቁም ያድርጉ፤ ያ ጎረቤት አዲሱ ሥር ይሁን፤ የአዲሱ ሥር የድሮ ቀስት ይሰረዝ። አንድ መንገድ ተከፈተ፣ አንድ ተዘጋ። ከየትኛውም ክፍል ተነስቶ ቀስቱን የተከተለ ምንጊዜም ሥሩ ጋ ስለሚደርስ ተቆርጦ የሚቀር ክፍል አይኖርም። አልፎ አልፎ የተሰረዘው ቀስት ወደ ቀድሞው ሥር የሚጠቁም ከሆነ የሚታይ ለውጥ አይኖርም፤ ያኔ አንድ እርምጃ ይጨምሩ።

የሚያስቸግሩት ሦስት ቦታዎች ናቸው። አንደኛ፣ ጌሙ ሲጀምር ሜዙ ቀጥ ቀጥ ያለ ሆኖ እንዳይታይ ለ100 ክፍል 1000 እርምጃ ያህል በስውር ያስኪዱ። ሁለተኛ፣ ሥሩ ቀስ እያለ ስለሚንከራተት ለውጡ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ተከማችቶ ተጫዋቹ ምንም ሳያይ ሊቆይ ይችላል፤ ሥሩ ከተጫዋቹ ከ3 እስከ 6 ክፍል ርቀት ላይ እንዲዞር ይሳቡት። ሦስተኛው ብዙዎች የሚረሱት ነው፦ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይክፈቱ፣ ከዚያ ይዝጉ። ተጫዋቹ በሩ መሐል ላይ ቆሞ ከሆነ መዝጊያውን ያዘግዩት። ለአፍታ ሁለት መንገድ ቢኖር ማንም አይጎዳም፤ ቀድሞ ከተዘጋ ግን ለዚያች አፍታ ሜዙ ለሁለት ተቆርጧል፣ ሰውየውም ግድግዳ ውስጥ ይቀረቀራል።

ጥያቄ፦ «እዚህ ጋ ተቀርቅሬ ቀረሁ» የሚል ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልኩልኛል። እኔ ስሞክረው ግን አይደገምም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሜዙ የተፈጠረበትን መነሻ ቁጥር፣ ማለትም ሲዱን፣ ከጌሙ ቨርዥን ጋር በስክሪኑ ጥግ በትንሹ ይጻፉት። ስክሪንሾት የላከ ሁሉ ሳያውቀው ቁጥሩን ይልክልዎታል። ሆኖም ሲዱ ብቻውን አይበቃም። ለውጡ በሴኮንድ ከተቆጠረ በደካማ ስልክና በፈጣን ስልክ ላይ ሊለያይ ስለሚችል በቋሚ ምት ይቁጠሩት፣ ለምሳሌ በሴኮንድ 30። ለሜዙ የሚሆነው የዘፈቀደ ቁጥር ለአቧራና ለብልጭታ ከሚሆነው ጋር አይቀላቀል። ሥሩ ተጫዋቹን የሚከተል ከሆነ ደግሞ ተጫዋቹ በየትኛው ምት ወዴት እንደታጠፈ መዝግቡ፤ ያለዚያ ያው ሲድ ሌላ ሜዝ ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ሁሉ «አሪፍ ነው» ብቻ ነው የሚሉኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። «ወደዳችሁት?» አይበሉ። ጌሙን አይተው የማያውቁ አምስት ስድስት ሰዎች ይፈልጉ፣ ስልኩን ይስጡና ዝም ይበሉ። ማስረዳት የለም፤ ከጎን ሆኖ «በግራ፣ በግራ!» ማለትማ ጭራሽ። ጣታቸው ከ3 ሴኮንድ በላይ የቆመበትን ቦታ ይጻፉ። ሲሸነፉ «አሁን ምን የሆነ መሰለህ?» ብለው ይጠይቁ። «ግድግዳው ድንገት መጣ» ካሉ ምልክቱ አልታየም፤ «አይቼው ነበር፣ አልደረስኩም» ካሉ ጌሙ እየሠራ ነው። የሚያቀርቡትን መፍትሔ («ካርታ ጨምርበት») ይመዝግቡ እንጂ እንዳለ አይቀበሉት። ሙሉ ካርታ ሲኖር ሰዉ ሜዙን ትቶ ካርታውን ብቻ ያያል። አንድ ሰው አዲስ የሚሆነው አንዴ ስለሆነ ስድስቱን በአንድ ቀን አይጨርሱ፤ ሁለቱን አሳይተው ካስተካከሉ በኋላ ወደ ቀጣዮቹ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ስልክ ያግላል፣ አንዳንዱንም ያጥወለውለዋል ተብያለሁ። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ግለቱ ብዙውን ጊዜ ሜዙን በየፍሬሙ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ምስል በታደሰ ቁጥር፣ አፍርሶ እንደገና ከመሣል ይመጣል። በአንድ ለውጥ የሚነኩት ሁለት ግድግዳዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ብቻ ያንቀሳቅሱ፣ ፍሬሙንም በሴኮንድ 30 ላይ ይገድቡ። ለማጥወልወሉ ደግሞ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ካሜራው አብሮ እንዳይንቀጠቀጥ ያድርጉ። መንቀጥቀጡን ከወደዱት ማጥፊያውን ሴቲንግ ውስጥ ሳይሆን የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ያስቀምጡት።