ጥያቄና መልስ፦ ባኞ ውስጥ ያሉት ፕሬዚዳንት

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕንዳዊው ካርቱኒስት አቡ አብርሃም ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሰውዬው የምክር ቤት አባልም እንደነበረ መጥቀሴ ጥያቄ አመጣብኝ። ጥቂቶቹን እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካርቱን የሚስል ሰው ማን መርጦት ነው ፓርላማ የገባው?

ማንም አልመረጠውም፤ ተሹሞ ነው። በሕንድ የላይኛው ምክር ቤት፣ ራጅያ ሳባ በሚሉት፣ 12 መቀመጫ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለሳይንስ፣ ለሥነ ጥበብና ለማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎች ተለይቶ ተቀምጧል። ሿሚው ፕሬዚዳንቱ ናቸው። አቡ ከ1972 እስከ 1978 አገለገለ።

ጥያቄ፦ «አቡ» የሙስሊም ስም አይደለም እንዴ?

ሰውዬው ኬረላ በምትባል የደቡብ ሕንድ ግዛት ውስጥ ከክርስቲያን ቤተሰብ በ1924 የተወለደ ነው። (ኬረላ ማለት በንጉሡ ዘመን አባቶቻችንን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዶች የመጡባት ናት።) በ1956 የለንደኑ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ሲቀጥረው፣ አዘጋጁ ዴቪድ አስተር «አብርሃም» የሚለው ፊርማ አልተመቸውም። አንባቢ አይሁዳዊ ነው ብሎ በሥዕሉ ውስጥ የሌለ ነገር ይፈልጋል ብሎ ሰጋ። አቡ የልጅነት መጠሪያው ነበረችና እሷን ያዘ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ሾሞት መንግሥትን መሳቂያ ማድረግ ወጪት ሰባሪነት አይሆንም?

ይቺን ወደድኳት። ጁን 25 ቀን 1975 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሳወጁ። ተቃዋሚ ታሰረ፣ ጋዜጣ በሳንሱር ሥር ገባ። ፕሬዚዳንቱ ፋክሩዲን አሊ አህመድ የቀረበላቸውን ሁሉ ይፈርማሉ። አቡ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ኢንዲያን ኤክስፕረስ ጋዜጣ ላይ ሥዕሉን አወጣ። ፕሬዚዳንቱ ባኞ ውስጥ ናቸው፤ ራቁታቸውን። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውኃው ሳይወጡ የፈረሙትን ወረቀትና እስክሪብቶውን ያቀብላሉ። «ሌላ ድንጋጌ ካለ ትንሽ ይጠብቁ በላቸው» ይላሉ። በቃ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ኢንድራ በሥዕሉ ውስጥ የሉም። ወረቀቱን ማን እንደላከው ግን የማያውቅ የለም። አቡ ይህን ሲስል ገና የምክር ቤት አባል ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ወጪቱ የግብር ከፋዩ እንጂ የኢንድራ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ከ1978 በኋላስ?

ደግሞ አልተሾመም። ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። በ2002 እዚያው ኬረላ ዐረፈ።