ከሰሉ ወይስ ምጣዱ?

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ፣ ሂርማታ አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ «የካርቦን አሻራችንን እንቀንስ» እያለች ወጥራ ይዛኛለች። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እጋግራለሁ፤ ወጥና ቡና ግን በከሰል ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ትባረክ። የካርቦን አሻራ ማለት በምናበስለው፣ በምንጓዝበትና በምንገዛው ሁሉ ሳቢያ ወደ አየር የሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ ድምር ነው። የእኛ ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ራስዎን አይውቀሱ።

ምጣዱን አይንኩት። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ የግልገል ጊቤ ግድብም ጎረቤታችን ነው። የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። በባህላዊው አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይፈጃል። ያ እንጨት ለቡናችን ጥላ የሚሆን ዛፍ ነበር!

እኔ ባለፈው ክረምት ወጡን ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ አዛወርሁት። ባቄላና ሽምብራውን ማታ እዘፈዝፋለሁ፤ ድስቱን እከድናለሁ፤ ሲንተከተክ ኃይሉን እቀንሳለሁ። በወር ሁለት ማዳበሪያ ከሰል የምጨርሰው ሴትዮ ዛሬ አንዱ ይተርፈኛል። ጀበናዬን ግን ከፍም አልለየኋትም፤ እርስዎም አይለዩ። ላቀች በሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ላይ አንድ ጊዜ ያቀጣጥሉ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም በዚያው ፍም ያውርዱ። በርና መስኮቱ ይከፈት፤ የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ነፍስ ያጠፋል። የተረፈውን ፍም አመድ አልብሰው ያዳፍኑት፤ ለማታው ይደርስልዎታል።