መልስ፦ እህቴ አርክቴክቸር ልታጠና ነው፣ እንዴት ላግዛት?

ወንድሜ፣ እህትህ በሒጃቧ አርክቴክት ልትሆን መፈለጓ ቤተሰቡን እንዳስጨነቀ ጽፈሃል። መጀመሪያ የባንግላዴሻዊቷን አርክቴክት የማሪና ታባሱምን ሥራ አሳያቸው። ዳካ ውስጥ አያቷ በሰጡት መሬት ላይ የባይት ኡር ሩፍን መስጊድ ነድፋለች። ጉልላትም ሚናራም የለውም፤ ግድግዳው ጡብ ነው። ብርሃኑ ከጣሪያው ትንንሽ ቀዳዳዎች እየወረደ ሰጋጆቹ መሀል ያርፋል። በ2016 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት አስገኝቶላታል። ፓኪስታናዊቷ አርክቴክት ያስሚን ላሪም አሉ፤ በ2023 የእንግሊዝን ንጉሣዊ የአርክቴክቸር የወርቅ ሜዳሊያ ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሒጃቡ ይልቅ የሚከብደው የስቱዲዮው (የንድፍ ትምህርቱ ክፍል) ሌሊት ነው። ሰብሚሽን (ሥራ ማስረከቢያ) ሲደርስ የሕንፃ ሞዴል ሲቆረጥና ሲለጠፍ ይመሻል። ቤት ስትገባ «እስከዚህ ሰዓት የት ነበርሽ?» ከተባለች ጎበዟም ልጅ ተስፋ ትቆርጣለች። አንተ ሂድና አምጣት። ቤት ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ ይኑራት። የካርቶን፣ የሙጫና የፕሪንት ወጪው ኪስ ስለሚጎዳ ቀድመህ አስብበት።

ሳይት (ግንባታ ቦታ) ስትወጣ ስፒል የማይፈልግ፣ ጭንቅላት ላይ ልጥፍ የሚል ሒጃብ ታድርግ። ጫፉን ልብሷ ውስጥ ትክተተው፣ ማሽን እንዳይዘው። ሄልሜቱ ከላይ በደንብ ይቀመጣል፤ የአገጩን ማሰሪያ በልኳ ታስተካክል። የልምምድ ቦታ ስታገኝ ደግሞ የሶላት ሰዓቷን ከመጀመሪያው ቀን ትንገራቸው።

አርክቴክት የሆናችሁ እህቶች፣ ተለማማጅ የምትቀበሉ ካላችሁ እባካችሁ ከታች ጻፉለት።